አራተኛው የጠመኔ መስመር

ሰባት ሺህ ሞተር ፈትቼ ገጥሜአለሁ። ታላቅ ወንድሜ ይህን ስል በሰማ ቁጥር ከሥራው ቀና ሳይል "ሰባት መቶ" ይል ነበር፤ እሱም ቢሆን ለወንድምነታችን ብሎ ሁለት መቶውን ጨምሮልኝ ነው። አንድ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ፣ በሥር የሚያልፍ የጭነት መኪና የፊት ግራ ጎማው ሊወልቅ መሆኑን በድምፁ አውቄ ተናግሬአለሁ። መኪናው መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ጎማው ወለቀ። ምስክር አለኝ። ምስክሩ ከጎናችን ያለው ጎሚስታ ነው፤ እሱ ደግሞ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ የፈለግኸውን ይመሰክራል።

ጋራዦቹ በተደረደሩበት መንገድ ላይ የሚያውቁኝ "ማጉያው" በሚለው ስም ነው። አልከፋኝም። ድምፅ ማጉያ ያልነበረውን ድምፅ አይፈጥርም፤ ያለውን ነው ከፍ የሚያደርገው። ጋሼን ግን፣ ታላቅ ወንድሜን ማለቴ ነው፣ "ሚሊሜትር" ነበር የሚሉት። ጋሼ እንኳን ሞተር፣ ዳቦ ሲቆርስ ሁለቱን ግማሾች አስተያይቶ ነው የሚሰጥህ። ትልቁ ሁልጊዜ ለእኔ ይደርስ ነበር። ይህንን አልጨመርኩም።

የምጽፈው ስለ አንዲት ቀለበት ነው። ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ሞተር ውስጥ ፒስተን አለ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጥ። ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ፋሻ እንላቸዋለን። ፋሻ ሙሉ ቀለበት አይደለም፣ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ለዓይን ጭል የምትል ክፍተት መቅረት አለባት፤ ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና። ክፍተቷ ከሰፋች ሞተሩ ዘይት ይጠጣል፣ ይደክማል፣ ግን ይሄዳል። ከጠበበች ጫፎቹ ይገናኙና መሄጃ ያጣሉ። ያኔ ፋሻው ወይ ይሰበራል ወይ ሲሊንደሩን ይዞ ይነክሳል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያደርጋል።

ስለዚህ ትለካለህ። ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ታስገባለህ። ፒስተኑን ገልብጠህ በአናቱ ትንሽ ወደ ታች ትገፋዋለህ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ። ከዚያ ስስ የብረት መለኪያዋን በጫፎቹ መካከል ታስገባና ትስባለህ። በቀላሉ ከወጣች ሰፍቷል፣ ከተያዘች ጠቧል። ጋሼ "ከተከደነ መጽሐፍ ውስጥ ወረቀት ስትስብ እንዳለው ነው" ይል ነበር። ከጠበበ አንዱን ጫፍ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ፣ በጥሩ ሞረድ ሁለት ሦስቴ ገፋ ገፋ ታደርግና መልሰህ ትለካለህ። ልክ ሲሆን በሲሊንደሩ አፍ ጎን አንዲት የጠመኔ መስመር ታሰምራለህ።

መስመሯ የጋሼ ሕግ ነበረች። ጠመኔ ያሰመረ ሰው ለክቷል። አንዳችን ያሰመርነውን ሌላችን መልሰን አንለካም። "መልሼ ከለካሁብህ ሰድቤሃለሁ ማለት ነው" ይለኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ምንም ያልጨመርኩበት ነገር ቢኖር ያቺ መስመር ናት። በአፌ ሰባት ሺህ እል ነበር፣ በጠመኔዬ ግን የታመንኩ ሰው ነበርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ደወለች። እትዬ የመሀለኛዋ እህታችን ናት፤ በመኪና ሰባት ሰዓት በሚፈጅ ከተማ እናታችንን እያስታመመች የምትኖር።

"ጋሼን ስጠኝ" አለች።

"ለእኔ ብትነግሪኝስ?"

"ላንተ የነገሩት ተባዝቶ ነው የሚደርሰው። ጋሼን ስጠኝ፣ ማሙሽ።"

ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ ለእሷ አሁንም ማሙሽ ነኝ። ስልኩን ሰጠሁት። ጋሼ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ተቀምጦ ሰማ። ሀኪሙ ለእትዬ የነገራት፣ እማዬ ይህን ሳምንት ካለፈች ዕድል ነው የሚል ነበር። ከዚያ እማዬ ራሷ ስልኩን ተቀበለች መሰለኝ፣ የጋሼ ፊት እንደ ልጅ ሆነ።

"ምን አለች?" አልኩት ሲዘጋ።

"መኪናው ተነሳ ወይ አለችኝ።"

መኪናው የአባታችን ነው። አባታችን ክላክስ ነፍቶ አያውቅም። እማዬ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለይታ፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ በሩን ትከፍትለት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ጋሼ ወረሰው፤ ለበዓል ወደ እነሱ ስንሄድ እማዬ እንደዚያው በሩን ከፍታ ትጠብቀናለች። አንድ ጊዜ ዕቃ ልታመጣ ማድ ቤት ገብታ በሩን ሳትከፍት ቀድመናት ደረስን፤ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ደከመ ብላ ስታዝን ነበር። ከዚያ ሞተሩ አረጀና መኪናው ከጋራዡ ጓሮ ሸራ ለብሶ ሦስት ዓመት ቆመ። ሞተሩን ማደስ የጀመርነው እትዬ በደወለችበት ወር ነው። ሦስቱ ሲሊንደሮች በቀላሉ ተወልውለው ተመልሰዋል። አራተኛው ግን ተበልቶ ስለነበር አዲስ ካሚቻ፣ ማለትም አዲስ የውስጥ ግድግዳ፣ ተከቶለታል።

ጋሼ በዚያው ቀን ለሐሙስ ማለዳ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጠ። የሁለታችንን። ሳየው ስድብ መሰለኝ።

"በአውቶቡስ?" አልኩት። "የአባታችን መኪና እዚህ ተቀምጣ?"

"ሞተሯ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።"

"ነገ ከሰዓት መንገድ ላይ ናት። አውቶቡሱን ቀድሜ ደርሼ፣ ሹፌሩን መናኸሪያ ላይ እጁን እጨብጠዋለሁ።"

"አዲስ ሞተር በዝግታ ነው የሚነዳው። ረጅም ዳገት አለ።"

"ጋሼ፣ ድምፁን ነው እኮ የጠየቀችው" አልኩት። እዚህ ላይ ምንም አልጨመርኩም።

"ከተነሳና ካመንኩት" አለ በመጨረሻ። "ካላመንኩት በአውቶቡስ ነው።"

በዚያው ከሰዓት አንደኛውንና ሁለተኛውን ለካ። መስመር፣ መስመር። ሁለቱም ሳይሞረዱ ልክ መጡ። ረቡዕ ጠዋት እትዬ እዚያ አላገኘሁትም ያለችውን መድኃኒት ሊፈልግ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦ "ሦስተኛውን ለካ። አራተኛውን ግን ተጠንቀቅ። ካሚቻው አዲስ ስለሆነ ይጠብሃል፤ ሳትሞርደው አይሆንም።"

"ለእኔ ትነግረኛለህ?" አልኩት።

"ለአንተ ነው የምነግረው" አለና ሄደ።

ሦስተኛውን በሥርዓቱ ለካሁ። መለኪያዋ ከመጽሐፍ እንደወጣች ወረቀት ሳብ ብላ ወጣች። አሰመርኩ። የአራተኛውን ላይኛ ፋሻ ከካርቶኑ ሳወጣ ጎሚስታው ጎማ ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል።

"ማጉያው፣ ነገ አገር ታቋርጣለች የምትባለው ይቺ ናት?"

"ነገ? ዛሬ ከሰዓት ስትነሳ ጎማዎችህ ከመደርደሪያቸው ይወርዳሉ።"

"እኔ ብሆን በአውቶቡስ ነው የምሄደው። የታመመች እናት ጋ በወሬ አይደረስም።"

ዓይኑ ይስቅ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን በሰው ፊት ስነካ እንዴት እንደምሆን ራሴን አውቀዋለሁ። "ና እስቲ" አልኩት። ፋሻውን አራተኛው ሲሊንደር ውስጥ ከተትኩ። በፒስተኑ ገፋሁት። የአውራ ጣቴን ጥፍር በጫፎቹ መካከል አሳለፍኩና ጣሪያውን አየሁ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው።

"ሠላሳ አምስት" አልኩ። የመኪናው ልክ አንድ ሚሊሜትር ለመቶ ተከፍሎ ሠላሳ አምስቱ ነበር።

"በጥፍርህ?"

"ሰው በጥፍሩ ምን ያህል እንደሚያውቅ ብታውቅ ጎማ ስትነፋ አትውልም።"

ጠመኔውን አንስቼ አሰመርኩ። ቀጥ ያለች፣ ከሌሎቹ ሁሉ የምታምር መስመር።

እውነቱን ልናገር። ሲሄድ ልለካው ነበር። መለኪያዋ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች፤ ሞረዱም ከጎኗ። ግን አልሄደም፤ ጎማው ላይ ተቀመጠ። እኔም ስለ ጥፍሬ አንድ ታሪክ ጀመርኩ፤ ታሪኩ ሌላ ወለደ። የአንድ ባለሀብት ጀልባ ሞተር ውሃ ላይ እያለ እንደጠገንኩ እየነገርኩት እጄ ፋሻውን ፒስተኑ ላይ ገጠመ። የጀልባው ባለቤት አልቅሶ ሲያቅፈኝ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ አለቀ። ጀልባ ሞተር ነክቼ አላውቅም።

ጋሼ ቀትር ላይ ሲመለስ አጎንብሶ አራቱን መስመሮች አየ።

"አራተኛው ጠበበህ?"

"ትንሽ።"

"ሞረድከው?"

"ሞረድኩት።"

"ስንት አወጣህ?"

"ሠላሳ አምስት።"

"ጥሩ" አለ። መልሶ አልለካም። ጃኬቱን ሰቅሎ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ከጎኔ ቆመ።

ሞተሩን ለመጫን ጎሚስታውን ጨምሮ አራት ጎረቤቶች ረዱን። እኔ በኋላ ስተርከው ሃያ ሰው አደርጋቸዋለሁ። ከሰዓት አሥር ሰዓት ገደማ ጋሼ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ ተነሳ። ያ ድምፅ ነው። በልጅነታችን ከመኝታችን ሆነን አባታችን መጣ የምንልበት ድምፅ ነው። ጋሼ ስልኩን አውጥቶ ደወለና የተከፈተው ሞተር ላይ ያዘው። ስልኩን ወደ ጆሮው ሲመልስ እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ራሷ ናት" አለች እማዬ። ድምፅዋ ቀጥኖ እንደ ክር ሆኗል።

"ነገ ከአውቶቡሱ በፊት እንደርሳለን፣ እማዬ" አልኩኝ ከጎን።

"በሩን ክፍት አድርጋችሁ ተዉልኝ እላቸዋለሁ" አለች። "እኔ ተነስቼ አልከፍተውም፣ እሰማለሁ እንጂ።"

ጋሼ ሄዶ ቲኬቶቹን መለሰ።

በማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን፤ አውቶቡሱም በዚያው ሰዓት ነው የሚነሳው። የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ጋሼ ነዳ፣ የአንድ አዛውንት ክንድ ይዞ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው። አውቶቡሱ ቀደመን። ጥርሴን ነከስኩ። ጋሼን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም ነበርና መሪውን ለእኔ ሰጥቶ፣ የመድኃኒቱን ከረጢት ጭኑ ላይ አድርጎ፣ "ከስልሳ አታሳልፋት" ብሎ ዓይኑን ከደነ።

ከስልሳ አሳለፍኳት። ሰማንያ ነበር። ሲተርኩት መቶ ሃያ ይሆናል፣ ግን ሰማንያ ነበር። ረጅሙ ዳገት ሥር አውቶቡሱን አገኘሁት። በጎኑ ቀድሜው ሳልፍ መስኮቴን አውርጄ ለሹፌሩ እጄን አውለበለብኩ። ሳቀና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ። ዳገቱን ያለ ፋታ ረገጥኳት። ግማሹ ላይ ድምፅዋ ደረቀ። እንዴት ብዬ ላስረዳ፣ ሰው እያወራ ምራቁ ሲደርቅ እንዳለው ዓይነት ነው። ከዚያ አንድ ብረት ብረትን ሲነክስ ሰማሁ። ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ፣ ከፊታችን እንፋሎት። መኪናዋ ቆመች።

ጋሼ ነቃ። ወርዶ ክዳኑን ከፈተ፣ መዳፉን አስጠጋ፣ በማዞሪያው ሊያዞራት ሞከረ። እምቢ አለች።

"ፋሻ ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ጀሪካኑን አንስቶ "ውሃ ላምጣላት። ከቀዘቀዘች ምናልባት" ብሎ ከመንገዱ በታች ወዳለው ወንዝ በገደሉ ጠመዝማዛ ወረደ። ጀርባው ከቁጥቋጦው ጀርባ ሲጠፋ አየሁት።

አውቶቡሱ ደረሰ። አጠገቤ ሲደርስ ቀስ አለ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

"ጀግናው፣ ምነው ቆምክ? ችግር አለ?"

እዚህ ላይ ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጨምሬ ተናግሬአለሁ፤ ይህንን ግን ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። አንዲት ቃል ነበር የሚያስፈልገው። "አለ" ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ከሩብ ሰዓት በፊት እጄን ያውለበለብኩለት ሰውዬ ነበርኩ።

"ምንም የለም" አልኩት። "እያሳረፍናት ነው። ሂድ፣ ከፊት አገኝሃለሁ።"

ሳቀና ሄደ። ሲያልፍ በመስኮቱ አየሁ። ከኋላ በኩል ጎን ለጎን ሁለት ባዶ ወንበሮች ነበሩ።

ጋሼ ውሃውን ተሸክሞ፣ እያለከለከ ወጣ። "የአውቶቡስ ድምፅ ሰማሁ" አለኝ።

"አዎ፣ ሞልቶ ነበር" አልኩት።

አራት ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር ቆምን። ያለፉት ሁሉ የሞሉ ወይ ወደ ሌላ የሚታጠፉ ነበሩ። ጋሼ የመድኃኒቱን ከረጢት ፀሐይ እንዳያገኘው በጥላው ይከልለው ነበር፤ ጥላው በዞረ ቁጥር አብሮ እየዞረ። እኔ አንድም ታሪክ አልነበረኝም። በመጨረሻ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጋቢናው ውስጥ አስገባን። ቀስ እያለ፣ ዳገት በዳገት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሩ መግቢያ አወረደን።

በሩ ክፍት ነበር። እትዬ በሩ አጠገብ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በእግራችን ስንመጣ አየችን፤ ያኔ ነው ፊቷን የሸፈነችው።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ" አለች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ "ከጠዋት ጀምሮ ሬዲዮ አጥፉ ስትለን ነበር። እንዳይረብሸኝ፣ እሰማለሁ ስትል። በመኪና ድምፅ ሁሉ ዓይኗን ትገልጣለች። እሷ አይደለችም ትላለች። ይሄኛው አይደለም ትላለች። አውቶቡሱ በሰባት ሰዓት ገባ፣ የጎረቤት ልጅ መናኸሪያ ልኬ ነበር፣ የሉም አለኝ።"

ሰባት ሰዓት፤ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ይሆናል። ይህንን ለመቁጠር መለኪያ አያስፈልግም።

ጋሼ የመድኃኒቱን ከረጢት የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውረዋል።

"ቲኬት ቆርጫለሁ ብለኸኝ ነበር" አለችው። "አዲስ ሞተር አይታመንም የምትል አንተ ነህ። ማን ነው የሠራው?"

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ ከፍቼው ነበር። በሕይወቴ አፌ ያለ ወሬ የተከፈተው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"እኔ ነኝ" አለ ጋሼ። "ፋሻ ነው የከዳን። የለካሁት እኔ ነኝ።"

እሷን እያየ ነው የተናገረው፣ ወደ እኔ አልዞረም። እኔም አፌን ዘጋሁ።

እትዬ ጋሼን ስድስት ዓመት አላነጋገረችውም። ስትደውል "ማሙሽ፣ አንተ እንዴት ነህ" ትላለች፤ ከአጠገቤ እንዳለ እያወቀች። እሱም ስልኩ ሲጮህ ዕቃ ለማምጣት የሚወጣ ይመስል ጓሮ ይሄዳል።

መኪናዋን ጎትተን ካመጣን በኋላ ሞተሩን ለብቻው ፈታው። ልርዳህ ስል "አንተ ፍሬን የሚጠብቅ ደንበኛ አለህ" አለኝ። ከሰዓት ስገባ አራተኛው ፒስተን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጋሼ አንድ ነገር በወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩት። ድምፄን ሳላውቀው እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት።

"ብረት ነው" አለ። "ይሞቃል፣ ይረዝማል።" ከዚያ ጨርቁን አነሳና ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ ጠረጴዛ ነበር።

ወሬው ከየት ወጣ አትበሉኝ፤ መንገዱ ሙሉ አወቀው። ሚሊሜትር ለእናቱ መንገድ ፋሻ መለካት አቃተው ተባለ። ጎሚስታው በበሩ ሲያልፍ ለአፍታ ቆሞ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጎማውን እያንከባለለ ሄደ። ደግነት ነው ወይ ንቀት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የጋሼ ስም መቀለጃ ሆነ፤ "እንደ ሚሊሜትር ለካሁት" ማለት ሳይለኩ መግጠም ማለት ሆነ። ሞተር የሚያመጣ ሰው እየቀነሰ ሲሄድ ጋሼ ዘይት መቀየርና ፍሬን ማስተካከል ያዘ። ጠመኔው መደርደሪያው ላይ አቧራ ለበሰ። ሞተር ሲመጣ "ወንድሜ ይሠራልሃል፣ ከእኔ ይሻላል" ይል ነበር። እኔም እሠራ ነበር። እያንዳንዱን ፋሻ ሦስት ጊዜ እለካለሁ። አንድም ቀን ጠመኔ አላነሳሁም።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ታመመ፤ በአርባ ቀን ውስጥ አረፈ። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ጀምሬለታለሁ። "ጋሼ፣ ያቺ አራተኛዋ..." ስል፣ "የጀልባውን ንገረኝ" ይለኛል። ጎሚስታው የነገረው መሆን አለበት። እነግረዋለሁ። በነገርኩት ቁጥር ጀልባው ይበልጥ ትልቅ ይሆናል፤ በመጨረሻ መርከብ ሆኖ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። በመጨረሻው ቀን ጥቂት አዳመጠና "ስንት ሲሊንደር ነበረው?" አለኝ።

"አሥራ ሁለት" አልኩት።

"ሁሉንም ለካህ?"

"ሁሉንም፣ ጋሼ።"

"ጥሩ" አለ።

ከቀብሩ በኋላ የዕቃ ሳጥኑን ስከፍት ከመለኪያዎቹ ሥር ያንን የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁት። ውስጡ ለሁለት የተሰበረ ፋሻ ነበር። ሁለቱን ጫፎች ብርሃን ላይ ያዝኩ። ገጥመው እርስ በርስ በተፋጩበት በኩል እንደ መስታወት ያበራሉ። የሞረድ ጭረት የለባቸውም። ምንም ሙያ የሌለው ሰው እንኳ ቢሆን፣ ያልተሞረደ መሆኑን ያያል።

ፋሻውን በወረቀቱ እንዳለ ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ሳሎኑ ያው ነው፤ የእማዬ ወንበር መስኮቱ ጋ። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ጎሚስታውን፣ ጥፍሬን፣ ጠመኔውን፣ ሰማንያውን፣ ሹፌሩን፣ ሁለቱን ባዶ ወንበሮች። ምንም አልጨመርኩም። በሕይወቴ ያለ ጭማሪ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ነው።

እትዬ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

"አንተ ልጅ" አለች። "ሁሉን ነገር የኔ ነው ማለት አይተውህም አይደል? ጥፋቱን እንኳ?"

"እትዬ፣ እውነቴን ነው።"

"ሁለት ባዶ ወንበር" አለች፣ ልትስቅ ምንም ያልቀራት ሆና። "ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት? ስሙን ልታጠራለት ነው። ገባኝ፣ ማሙሽ። እግዜር ይስጥህ። ስድስት ዓመት ስዘጋው ኖሬ አሁን ማን አጠፋ የምልበት አንጀት የለኝም።"

"ፋሻውን እይው" ብዬ ወረቀቱን ፈታሁላት። "ጫፉን እይ። አልተሞረደም። እሱ ቢሆን ኖሮ ይሞርደው ነበር።"

ሁለቱን ብረቶች በጣቷ ነካች፣ እንደማይታወቅ ሰው ዕቃ። ከዚያ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። እኔ ስፈታው ብረቱን ብቻ ነበር ያየሁት፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አላዞርኩትም። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

"አራተኛ ሲሊንደር፣ ላይኛው ፋሻ። ክፍተት የለውም። የለካሁት እኔ።"

የጋሼ ጽሕፈት ነው። ቁልቁል ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተጻፈ የሚመስል። ለብቻው ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ ለወረቀት እንኳ ዋሽቶልኝ ነበር።

"ይኸው" አለች እትዬ። "በእጁ ጽፎታል። እሱ ዋሽቶ አያውቅም።"

ምን እላለሁ? የሁለታችን ቃል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የሚሊሜትር ቃልና የማጉያው ቃል። እኔም ብሆን የማምነው እሱን ነው።

ወረቀቱን መልሳ በጥንቃቄ ጠቀለለችው። የእማዬ መነጽር ያለበትን መሳቢያ ከፍታ አጠገቡ አስቀመጠችው። "ይቅር ብዬዋለሁ በለው መቃብሩ ጋ ስትሄድ" አለች። "እኔ እስክመጣ።"

"ይቅር የምትይው የለም እኮ፣ እትዬ።"

"እሺ፣ እሺ" አለች፣ ልጅ እንደምታባብል።

በሩ ድረስ ሸኘችኝ። በሩ ጋ ደርሳ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየች።

"መኪናህን የት አቆምካት?"

"በአውቶቡስ ነው የመጣሁት" አልኳት።

ሳቀችብኝ። ትከሻዬን መታ አደረገችኝና "ሂድ እሺ፣ ቀስ ብለህ ንዳ" አለችኝ።